የሊቀ ሽቦ ሃያ አምስት ሜትር

በማንኛውም ቤተሰብ ውስጥ፣ በተበላሸ ዕቃና በጠጋኙ መካከል እንደ ዘበኛ የሚቆም አንድ ሰው አይጠፋም። ቧንቧ ቢያፈስ፣ አምፖል ብልጭ ድርግም ቢል፣ የበር ቁልፍ እንቢ ቢል፣ ባለሙያ ከመጠራቱ በፊት እሱ ማየት አለበት። አይቶም ዝም አይልም። «ለዚህ ለዚህማ ሰው አይጠራም» ይላል፤ ቀጥሎ ካቻቪቴ ይጠይቃል፤ ቀጥሎ ቤቱ ለሦስት ቀን ውሃ ያጣል። እናንተም ቤት አለ። የለም ካላችሁ ምናልባት ሰውዬው እናንተው ናችሁ።

የዚህ ወሬ ባለቤት በሰፈሩ ሊቀ ሽቦ ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጧቸው ባለቤታቸው ናቸው፤ ሲሰጡ ለሽሙጥ ነበር፣ ተቀባዩ ግን እንደ ሹመት ተቀበሉት። ክቡርነታቸው ሠላሳ አራት ዓመት ስልክ መሥሪያ ቤት በመስመር ሠራተኝነት ኖረዋል። ምሰሶ ወጥተዋል፣ ጉድጓድ ወርደዋል፣ በመጨረሻዎቹ አሥር ዓመታት ደግሞ ለትምህርት ቤቱም ለክሊኒኩም የኮምፒዩተር መስመር የዘረጉት እሳቸው ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ፒንሳቸው ግን ገና በሥራ ላይ ናት።

የጎረቤት የበር ደወል ጠግነው፣ ማቀዝቀዣው በተከፈተ ቁጥር እንዲጮህ አድርገውታል። ጎረቤትየው ቅር ብሏቸው ሲመጡ «ድሮ ጭራሽ አይጮህም ነበር እኮ» ብለው ሸኟቸው። በእህታቸው ልጅ ሠርግ ሙሽሮቹ ሲገቡ ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያጨበጭብ፣ እሳቸው መድረክ ሥር ተንበርክከው የድምፅ ማጉያውን ገመድ ይመረምሩ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ በሠርጉ አልበም ውስጥ፣ ከሙሽራዋ ቀሚስ ጎን ጥንድ የጫማ ሶል ይታያል። ባለቤታቸው ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል በተኙ ጊዜ ደግሞ እሳቸው ከአልጋው አጠገብ ሦስት ቀን አልተነሱም። በሁለተኛው ቀን የነርስ መጥሪያው ደወል እንደማይሠራ ደረሱበት፤ በሦስተኛው ቀን ሠራ። የክፍሉ ሕመምተኞች ሲወጡ ከሐኪሙ ይልቅ እሳቸውን ነበር የሚሰናበቱት።

ሃይማኖታቸው አጭር ነው። «ሰው ይዋሻል፣ ቆጣሪ ይዋሻል፣ ሽቦ አይዋሽም።» ይህን በቀን አንድ ጊዜ ሳይናገሩ ከዋሉ ታመዋል ማለት ነው። ዋይፋይ የሚባለውን ነገር እስከ ዛሬ አልተቀበሉትም፤ አየር ላይ የተለቀቀ ነገር የማን እንደሆነ አይታወቅም ባይ ናቸው።

አንዲት ልጅ አለቻቸው። የሕንፃ ንድፍ ነው የምትሠራው፤ እንጀራዋ ላፕቶፕ ላይ ነው። እናቷ ከሆስፒታል ሲወጡ ቢሮዋን አስፈቅዳ፣ ሥራዋን ይዛ፣ ከሌላ ከተማ ወደ ወላጆቿ ቤት ተመለሰች። ያሳረፏት በፎቅ ላይ ባለችው የጓሮ ክፍል ነበር። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ዋይፋዩ እዚያ አይደርስም። ለሊቀ ሽቦ ከዚህ የበለጠ የምሥራች አልነበረም። በአንድ ቀን ውስጥ ሳሎን ካለው ራውተር ተነስተው፣ ደረጃውን ተከትለው፣ ሃያ አምስት ሜትር ኬብል እስከ ጠረጴዛዋ ዘረጉላት። በየስንዝሩ በሚስማር ስላያያዙት እንደ ጥልፍ ቀጥ ብሎ ነበር። ዓመት ሙሉ እንከን አልነበረውም።

ከሁለት ወር በፊት ግን መስመሩ ማዝገም ጀመረ። በአምስት ደቂቃ ይሄድ የነበረ ንድፍ ሁለት ሰዓት ይፈጅ ጀመር። ከአለቃዋ ጋር በቪዲዮ ስትነጋገር ምስሏ አፏን እንደከፈተች ይደርቃል፤ አለቃዋም መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ መሳቁን ተወ። በመጨረሻ «እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተስተካከለ ወደ ቢሮ ተመለሺ» አላት። ቢሮው በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ነው። እናቷ ገና በምርኩዝ ናቸው፤ ደረጃ አይወጡም፣ ዕቃ አያነሱም። ልጅቷ ከሄደች እነዚህን ሁለት ሰዎች ማን ያያቸዋል? የቀሩት የማስተካከያ ቀኖች እያለቁ ሲሄዱ ያስጨነቃት ይህ ነበር።

ሊቀ ሽቦ ጉዳዩን በይፋ ያዙት።

«አጥፍተሽ አብሪው» አሉ።

«አጥፍቼ አብርቼዋለሁ፣ አባዬ።»

«እንደገና።»

እንደገና አጠፋች። ምንም። ላፕቶፑን ይዛ ሳሎን ወረደችና፣ ከራውተሩ ካርቶን ውስጥ በወጣው የክንድ ርዝመት ኬብል ሰካችው። የፍጥነት መለኪያው ሦስት መቶ ሜጋ አለ። ወደ ላይ ወጥታ በረጅሙ ኬብል ስትሰካው አራት አለ። ሕፃን ልጅ እንኳ ጥፋቱ የት እንዳለ ይናገር ነበር። ሊቀ ሽቦ ግን አገጫቸውን አሻሽተው አሰቡና «ላፕቶፑ ፎቅ አልተስማማውም» ሲሉ ፈረዱ።

በማግሥቱ ሙቀት ነው አሉ፤ የጠረጴዛ ማራገቢያ ተገዛ። በሦስተኛው ቀን የራውተሩን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ቀያየሩ። ከሰዓት በኋላ መጥተው፣ ጠዋት እንዳልነኳቸው ሁሉ፣ እንደ አዲስ አንድ በአንድ ቀያየሩ። ኢንተርኔት ወደሚሰጠው ድርጅት ደውለው ስልክ ያነሳችውን ልጅ አርባ ደቂቃ ስለ መዳብ አስተማሯት። የድርጅቱ ልጅ መጨረሻ ላይ «አባቴ» ማለት ጀምራ ነበር። ስልኩን ዘግተው አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይቆዩ «ለድርጅቱ መደወል አለብን» አሉ። ልጃቸው ይህን ሁሉ ከእልህ ቆጠረችው። አባቷን ከሕፃንነቷ ጀምሮ እልኸኛ ሆነው ነው የምታውቃቸው፤ ሰው የለመደውን ነገር አይመረምርም።

«አባዬ፣ ጫፎቹስ?» አለች አንድ ቀን በፈራ ተባ። ከሁለት ወር በፊት የኬብሉ ጫፍ መቆለፊያ ተሰብሮ ነበር፤ ያኔ ሊቀ ሽቦ ሁለቱንም ጫፍ ቆርጠው በአዲስ አስረውት ነበር። «ምናልባት ሲታሰር...»

ጥያቄውን አላስጨረሷትም። ከሳጥናቸው ስምንት መብራት ያላትን ትንሽ መሞከሪያ አወጡ፤ ግማሿን ሳሎን፣ ግማሿን ፎቅ ሰኩ። በኬብሉ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ አንዱ ቢበጠስ የእሱ መብራት አይበራም። መብራቶቹ በተራ በሩ። ክቡርነታቸው እንደ ስም ጠሪ ጣታቸውን እያነሱ ቆጠሩ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ስምንት። ይኸው። ሽቦ አይዋሽም ልጄ።»

ልጅቷ ቆሽቷ አረረ። ወሩ ሊያልቅ አምስት ቀን ቀርቶታል። በዚያው ቀን ግቢ ወጥታ፣ አባቷ በማይሰሙበት ጥግ ቆማ፣ ለቢሮዋ የኔትወርክ ባለሙያ ደወለች። የሁለቱንም ጫፍ ፎቶ ከቅርብ አንስታ እንድትልክለት ጠየቃት። ጫፉ ግልጽ ፕላስቲክ ስለሆነ የሽቦዎቹ ቀለም በውስጡ ይታያል። ፎቶውን ልካ ብዙም አልቆየች፣ መልሶ ደወለላት።

«ይሄን ያሰረው ሰው የስልክ ሠራተኛ ነበር እንዴ?»

«እንዴት አወቅክ?»

«ሽቦዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ ናቸው አይደል? ለኮምፒዩተር ሲሆን አረንጓዴው ጥንድ ይከፈላል፤ አንዱ ሦስተኛ፣ አንዱ ስድስተኛ ቦታ ይገባል፣ ሰማያዊው መሃላቸው ይቀመጣል። እዚህ ግን ሁሉም ጥንድ ጎን ለጎን ነው የተደረደረው። ከሰማያዊ ይጀምራል፣ ከዚያ ብርቱካን፣ አረንጓዴ፣ ቡኒ። የድሮ የስልክ ሰዎች ናቸው እንዲህ የሚያስሩት።»

«ግን እኮ ስምንቱም መብራት በርቷል።»

«መብራቱ የሚያየው ሽቦው ከጫፍ ጫፍ መድረሱን ነው። ከማን ጋር ተጠማዝዞ እንደመጣ አያይም። በአጭር ኬብል ላይታወቅ ይችላል፤ በሃያ አምስት ሜትር ግን እርስ በርስ ይረባበሻል። ማነው ያሰረው?»

«አባቴ።»

«አሃ» አለ ባለሙያው፤ ድምፁ በአክብሮት ለሰስ አለ። «ምንም አይደለም። የኮምፒዩተር መስመር ስላላሰሩ ነው። ሰው መጀመሪያ የተማረው ነው የሚመጣበት።»

ስልኩን ዘጋች። አባቷ የኮምፒዩተር መስመር አላሰሩም? የትምህርት ቤቱን ማን ዘረጋው? የክሊኒኩንስ? በእሳቸው እጅ የሠለጠኑ ወጣቶች ዛሬ አለቆች ሆነዋል።

ሊቀ ሽቦ የሚጥሉት ነገር የለም። ዕቃ ቤት ውስጥ በባዶ የወተት ጣሳ ከብሎን፣ ከቆሻሻ ናስትሮና ከማይታወቅ ቁልፍ ጋር፣ ከሁለት ወር በፊት የቆረጧቸውን ሁለቱን አሮጌ ጫፎች አገኘቻቸው። ወደ በሩ ብርሃን አወጣቻቸው። አረንጓዴው ተከፍሏል፤ አንዱ ሦስተኛ፣ አንዱ ስድስተኛ፤ ሰማያዊው መሃል ላይ ነው። ባለፈው ዓመት አባቷ ያሰሩት ይህ ነበር። በዓመት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ ሄደዋል። ሁለት ጊዜ የተቀያየሩት ቀዳዳዎች፣ ከተደወለ በኋላ የተባለው «መደወል አለብን»፣ ተደጋግሞ የታዘዘው «አጥፍተሽ አብሪው» ሁሉም ተሰልፈው መጡባት። ንዴቷ በአንድ ጊዜ ጠፋ፤ ቢቆይላት ትመርጥ ነበር።

እናቷ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ምርኩዛቸውን ከጉልበታቸው አስደግፈው ድንች ይልጡ ነበር። ልጅቷ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ሁለቱን ጫፎች ጠረጴዛው ላይ አኖረችና የሆነውን በሹክሹክታ ነገረቻቸው። እናቷ መላጡን አላቆሙም።

«ካወቅሽ ስንት ቀንሽ ነው?»

«ዛሬ።»

«እኔ ዓመት አለፈኝ።»

ልጅቷ ወንበሯን ወደ እናቷ አስጠጋች።

«ጠዋት ዳቦ ይዞ ይመጣል» አሉ እናቷ፤ «ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ዳቦ ይዞ ይመጣል። ሁለተኛውን ለጎረቤት እሰጣለሁ። ጎረቤት እኔን ነው ቸር የሚለው። አንዳንድ ቀን ደግሞ ከመንገድ ይደውልልኛል፤ ዝም ይላል። ዝም ሲል መንገዱ እንደጠፋበት አውቃለሁ። ያኔ ወሬ እጀምራለሁ። 'እዚያ ፋርማሲው ማዕዘን ላይ ያለው ጫማ ሰፊ ዛሬ ወጥቷል?' እለዋለሁ። 'በአረንጓዴው በር በኩል ስታልፍ ያችን ሴትዮ ሰላም በልልኝ' እለዋለሁ። ያን እየሰማ ቤቱ ይደርሳል።»

«ሐኪም ያውቃል?»

«በእኔ ዳሌ አሳብቤ ወሰድኩት። ሐኪሙ እኔን ትቶ እሱን አየው። ኪኒኑን ለደም ግፊትህ ነው እያልኩ ነው የምሰጠው።»

«ለምን አልነገርሽኝም፣ እማዬ?»

«ሆድ ይፍጀው ብዬ ነዋ። ብነግርሽ ዓይንሽ ይነግረዋል። አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ዓይንሽ ምስጢር አያውቅም።» የላጡትን ድንች ውሃ ውስጥ ጣሉ። «ሌላው ሌላው ይሂድበት። ዳቦውም፣ መንገዱም ይሂድ። ሽቦውን ግን አትንኪበት። ሽቦው ከሄደ ማን ሆኖ ይነሳል?»

ልጅቷ ማታውን ሁሉ አሰበች። ለአባቷ ነግራ ብታስተካክል መስመሩ ይድናል፤ እሳቸው ግን ይወድቃሉ። ዝም ብትል እሳቸው ይቆማሉ፤ እሷ ግን አውቶቡስ ላይ ናት፣ እናቷም በአንድ ምርኩዝ ለሁለት ሰው ይሆናሉ። በመጨረሻ አንድ ዘዴ መጣላት። ፋብሪካ ያሰረው ሃያ አምስት ሜትር ኬብል ከሱቅ ትገዛለች። አባቷ ከምሳ በኋላ ሲተኙ በምንጣፉ ሥር ታሳልፈዋለች። የእሳቸውን ኬብል ግድግዳው ላይ እንዳለ ትተወዋለች፤ ሲመጡ እሱን ትሰካለች፣ ሲሄዱ ነቅላ የራሷን ትሰካለች። ሌባ እንኳ ለገዛ ቤቱ እንዲህ አይደክምም።

ገዛች። ከምሳ በኋላ የአባቷን ክፍል በር ገርበብ ብሎ አየችው። ማንኮራፋት አልተሰማም፤ ሥራውን ግን ጀምራዋለችና አታቆምም። የተጠቀለለውን ኬብል ይዛ በእግሯ ጣቶች እየረገጠች ደረጃውን ወጣች። የክፍሏን በር ስትከፍት ሊቀ ሽቦ ወንበሯ ላይ ተቀምጠዋል።

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ የነቀሉትን የኬብል ጫፍ በመስኮቱ ብርሃን ያዩ ነበር። ቀና አላሉም።

«ነይ እስቲ።»

ጥቅልሉን ከጀርባዋ ደበቀችና ቀረበች።

«ይሄን ማን ነው ያሰረው?»

«ምኑን፣ አባዬ?»

«ይሄን ጫፍ። አረንጓዴውን ተመልከቺ። መከፈል ነበረበት፤ አንዱ ሦስት ላይ፣ አንዱ ስድስት ላይ። እንደ ስልክ ነው የደረደረው። መብራት ብትይለት ስምንቱንም ያበራል፤ ሥራው ግን ሥራ አይደለም። እኔ ልጆች ሳሠለጥን መጀመሪያ ቀን የማስተምረው ይሄን ነው።»

ድምፃቸው የድሮ ነበር። ዓመት ሙሉ ያልሰማችው፣ ቁጥብ፣ ቦታውን የሚያውቅ ድምፅ። ከየት ተመልሶ እንደመጣ፣ ለስንት ሰዓት እንደሚቆይ አታውቅም። ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት፤ ዓይናቸው ውስጥ ሌላ ነገር ነበር።

«ሰው ጠራችሁ እንዴ?» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ እያለሁ፣ ከኋላዬ ቴክኒሻን ጠራችሁ?»

ልጅቷ አዎ ብትል፣ በገዛ ቤታቸው እንደተሻሩ ያውቃሉ። አንተ ነህ ያሰርከው ብትል ምን እንደሚሆኑ ለማሰብ አልደፈረችም።

«እኔ ነኝ» አለች።

«አንቺ?»

«መቆለፊያው ሲሰበር... አንተን ላለማስቸገር ብዬ። በራሴ ሞከርኩት።»

ሊቀ ሽቦ አተኩረው አዩዋት። ዓይኗ ምስጢር አያውቅምና ወደ ወለሉ ደፋችው። አባቷ ግን ያንን ከእፍረት ቆጠሩት። ፊታቸው ላላ፤ ሊስቁ ሲሉ ተዉት።

«ካቻቪቴ ስጠይቅ መዶሻ የምታመጪ ልጅ» አሉ። «ተቀመጪ እዚህ።»

ጫፉን ቆረጡ። የኬብሉን ልባስ በምላጭ ገፈፉና ስምንቱን ሽቦዎች በአውራ ጣታቸው እንደ ካርታ ዘረጓቸው። የብርቱካኑ ጥንድ፤ ነጭ አረንጓዴ፤ የሰማያዊው ጥንድ፤ አረንጓዴ፤ የቡኒው ጥንድ። ልጅቷ እያንዳንዱን በልቧ እየቆጠረች ተከተለቻቸው። እጃቸው አንድም ቦታ አልተንገዳገደም። ጫፉን ከተው በመግጠሚያው ጨመቁት፣ ከዚያ ሳሎን ወርደው የታችኛውንም እንዲሁ አደረጉ፤ ወደ ላይ ሲመለሱ ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር። መለኪያው ሁለት መቶ ዘጠና ስምንት አለ። ንድፉን ላከችው፤ በአምስት ደቂቃ ደረሰ። አለቃዋ «አሁን ገና ሰው ሆንሽ፣ እዚያው ቆዪ» ብሎ ጻፈላት። መቆየቷን ስታነብ ደስ አላት፤ ደስታው ግን ሆዷ ድረስ አልወረደም። ዛሬ የተመለሰው ነገ እንደማይኖር ታውቃለች። በዓለም ያሉ ቴክኒሻኖች ሁሉ ቢሰለፉላት ግን እኚህን ሰው እንደማትለውጥባቸውም በዚያች ሰዓት አወቀች።

ሊቀ ሽቦ ዕቃቸውን ወደ ሳጥኑ መለሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ለእናትሽ አልነግራትም» አሉ። «ሰው ነሽ፣ ትሳሳቻለሽ። እሷ ካወቀች ግን ስም ታወጣልሻለች፣ ዕድሜ ልክሽን አይለቅሽም። በእኔና በአንቺ ይቅር።»

«እሺ፣ አባዬ።»

የደረጃውን እንጨት እያንቋቁ ወረዱ። ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና፣ አዲሱን ኬብል እቅፏ ላይ እንዳስቀመጠች አለቀሰች፤ እንዳይሰማም ትራሷን አፏ ላይ አድርጋ ነበር። ከታች የእናቷ ድምፅ መጣ።

«ምን ሆኖ ኖሯል ሽቦው?»

«ምንም አልሆነም» አሉ አባቷ። «ልጅቷን ተያት፣ ሥራ ላይ ናት።»